ቀይ ቆሮሶና የሽበሺ መረብ

ሐዋሳ ገና አዋሳ በምትባልበት በደርግ ዘመን፣ ሐይቁ ዳር ሽበሺ የሚባል መረብ ሠሪ ነበር። ዓሣ አስጋሪ አላልኩም፤ መረብ ሠሪ ነው ያልኩት። ሽበሺ ጀልባ ላይ ሲወጣ ራሱን ያዞረዋል፣ ዋና አያውቅም፣ ዓሣም ቢሆን ካልቸገረው አይበላም። መረብ ሥራ ላይ ግን ማን ይደርስበታል! የእንጨት መርፌውን በናይለን ክር ሞልቶ አንዴ ከተቀመጠ፣ ሰማይ ቢደፋ "ቆይ፣ ይህችን ቋጠሮ ልጨርስ" የሚል ሰው ነው። ማጋነኔ እንዳይመስላችሁ። የጎረቤቱ ማድ ቤት የተቃጠለ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲራወጥ፣ እሱ የደረሰው ሰው እሳቱን አጥፍቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ከተበተነ በኋላ ነው። "ምነው ሳትጠሩኝ!" ብሎም ተቆጣ።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ ሚስቱ ካሰች ጥላው የሄደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓሣ አስጋሪዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ጣሪያው ስለሚያፈስ፣ ሽበሺ ክረምት ክረምት ሥራውን ቤት ይዞ ይገባል። ቤቱ ደግሞ አንዲት ክፍል ናት። መረቡን ከበሩ መቃን እስከ አልጋው እግር ዘርግቶት ይቀመጣል፤ ካሰች ምድጃ ጋ ለመድረስ አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ታጎነብሳለች፣ አንዳንዴም በጉልበቷ ትሄዳለች። አንድ የነሐሴ ቀን ምስር ወጥ ከነድስቱ ይዛ ስትዘል፣ አውራ ጣቷ መረቡ ውስጥ ገባና ተዘረረች። ድስቱ አንድ ጥግ፣ ምስሩ ፀጉሯ ላይ።

ሽበሺ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሚስቴን ላንሳ ብሎ ነው? ምን በወጣው! "አትንቀሳቀሺ! ትበጥሺዋለሽ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያም ተንበርክኮ መረቡን ከእግሯ ጣቶች እየለየ፣ በዝግታ፣ በጥንቃቄ ፈታው። አንዲት የመረብ ዓይን እንኳ አልተበጠሰችም። ደስ ብሎት "ተመስገን፣ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም" ሲል፣ ካሰች ከወለሉ ላይ ቀና ብላ አየችው። ቅንድቧ ላይ የቀረውን ምስር ጠረገች። ጫማዋን አደረገች። መናኸሪያ አካባቢ ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

አትፍረዱበት ልላችሁ አልችልም፤ እኔም ፈርጄበታለሁ። ግን የዓሣ ሰዎችን ልማድ ማወቅ አለባችሁ። እነሱ ዘንድ መረብ በቢላ መቁረጥ ነውር ነው። ዓሣ ቢያዝበት፣ ግንድ ቢያዝበት፣ ጉማሬ ረግጦት ቢሄድ፣ ዙሪያውን ተቀምጠው በእጅ ይፈቱታል እንጂ ቢላ የሚያነሳ የለም። ሽበሺ ይህን ከአባቱ የተማረው ገና አፉን ሳይፈታ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ምን እንዳጠፋ ለመረዳት ራሱ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሲገባው ግን ቤቱ ጭር አለበት። መረቡን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ማንም ሳይዘለው ሲውል ሥራው ራሱ አልጥም አለው። ካሰችን ካላመጣ ኑሮ የለውም፤ ይህን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ይናገራል።

ሽማግሌ ላከ። የካሰች አባት አቶ ደበሌ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ነገር ግን ሹፌርነት እንጀራው ነበር እንጂ ነፍሱ ኳስ ነበረች። ተሳፋሪ የሞላ አውቶቡስ ሜዳ ዳር አቁሞ አንድ አጋማሽ ጨዋታ ጨርሶ የሚነዳ ጉደኛ ነበር አሉ። ካሰችንም ጡት ከጣለች ጀምሮ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከሜዳ ሜዳ ስላዞራት፣ እሷም ኳስ ላይ የዋዛ አይደለችም፤ ዳኛ ሲሳሳት ከሁሉ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ከደበሌ ቤት ገብተው ገና "ልጆቹን እናስታርቅ" ከማለታቸው፣ ደበሌ "ይሁን፣ ግን ባለፈው ሳምንት ያቺ ሪጎሬ፣ የቅጣት ምቷ ማለቴ ነው፣ መሰጠት ነበረባት?" ብሎ ጠየቀ። አንደኛው ሽማግሌ ነበረባት፣ ሌላው አልነበረባትም አለ። ተጣሉ። ሳይታረቁም ወጡ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ የተላኩት እንዲሁ ሆኑ፤ እንዲያውም በሦስተኛው ዙር ከደበሌ ጋር ወግነው የመጡ አሉ።

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ታዲያ አንድ መመሪያ ወረደ። እያንዳንዱ ማኅበር የእግር ኳስ ቡድን ያቋቁም ተባለ። የዓሣ አስጋሪዎቹ ሊቀመንበር ጓድ ማቴዎስ መመሪያ የሚባል ነገር ሲያይ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ ያን ድምፁን ለመፈክር አዋለው። ችግሩ፣ መፈክሩ ሁሉ መዝሙር መዝሙር ይላል። እጁን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ይመራል፤ ተሰብሳቢው "ይውደም!" በሚልበት ቦታ "አሜን" ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚመልሰው ስንት ጊዜ ነው።

ስብሰባ ጠራ። "ጓዶች፣ የቡድናችን ስም ቀይ መሆን አለበት" አለ።

"ቀይ ምን?" አሉ።

"ቀይ ቆሮሶ።"

በረኛ ሆኖ የተመረጠው ኩማ፣ ጀልባ ብቻውን የሚሸከም ግዙፍ ሰው፣ እጁን አወጣ። ቆሮሶ ማለት እንደምታውቁት የሐይቃችን ዋና ዓሣ ነው። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሃያ ዓመት ቆሮሶ ይዣለሁ። ቀይ ቆሮሶ አላየሁም። ግራጫ ነው።"

ማቴዎስ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ "ሲጠበስ ይቀላል እኮ" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ስሙ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቀጥሎ ግን ማን ይጫወት የሚለው ላይ ነገር ተበላሸ። ኩማ እንደገና ተነሳ፦ "ሌሊቱን መረብ ስንጎትት አድረን ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንሩጥ? እግራችን ብረት ነው እንዴ?" ማቴዎስ መመሪያው ፊቱ ላይ ድቅን አለበትና፣ ሳያስብበት "ላሸነፈ ተጫዋች አራት ቆሮሶ ይሰጣል!" ብሎ አፉ አመለጠው። ወዲያው አሥራ ስድስት ሰው ተመዘገበ። አቻ ለወጣ ሁለት ቆሮሶ ተባለ። ለተሸነፈ ደግሞ አንድ አምባዛ፤ አምባዛ ማለት ቅርፊት የሌለው፣ ጢም ያለው፣ ብዙ ሰው በፊቱ እንዲያልፍ እንኳ የማይፈልገው ዓሣ ነው። የሬዲዮ ስፖርት የሚከታተል አንዱ "ተከፍሎት የሚጫወት ፕሮፌሽናል ይባላል" ብሎ አስረዳ። ማቴዎስ ቃሉ ቡርዣ ቡርዣ ሸተተውና ቃለ ጉባኤው ላይ "በዓይነት የሚበረታታ ቡድን" ብሎ አስጻፈ። ከተማው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "ፕሮፌሽናሎቹ" ነው ያላቸው። አሰልጣኝ ማን ይሁን ሲባል ሁለተኛ ስም የጠራ የለም። ደበሌ በስድስት ቆሮሶ ተቀጠረ። የድሮ የሹፌር ካፖርቱን ለብሶ፣ አዝራሩን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሜዳ መጣና "እኔ ማለት ፕሮፌሽናል አሰልጣኝ ነኝ" እያለ መሃል ከተማን ከላይ እስከ ታች ዞረ።

ሽበሺ ይህን ሲሰማ ቋጠሮውን ሳይጨርስ መርፌውን አስቀመጠ። አማቱ በየቀኑ እማኅበሩ ግቢ ሊመጣ ነው! ካሰችም ለጨዋታ መምጣቷ አይቀርም! ለቡድኑ አንድ ቁም ነገር ከሠራ ደበሌ ይለሳለሳል፤ ደበሌ ከተለሳለሰ ካሰች ትመጣለች። እንዲህ ብሎ አሰላው። ግን ምን ይሥራ? ኳስ እንደሆነ በዕድሜው ረግጦ አያውቅም።

አንድ ቀን ልምምድ ቆሞ ሲያይ ጎሉ ባዶ መሆኑን አስተዋለ። ያኔ የሰፈር ጎል ማለት ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ነው። ኳሷ በውስጥ አለፈች፣ በውጭ አለፈች እየተባለ ስንት ጥርስ ረግፏል። ሽበሺ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ደበሌ ተጠጋ።

"አባባ፣ እንደምን ዋሉ። ለጎሉ... መረብ ብሠራለትስ?"

ደበሌ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ቀና አድርጎ አየው። "መረብ? የእውነት መረብ?"

"የእውነት መረብ።"

"ለሁለቱም ጎል?"

"ለሁለቱም።"

ደበሌ ዞሮ ባዶውን ጎል አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር የሚሉም አሉ። "እስቲ ሥራው" አለ በመጨረሻ።

ሽበሺ ካሰችን በር ላይ ያገኛት ያህል እየበረረ ሄደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን ሠራ። አንድ ነገር ብቻ ረስቷል፤ የጎል መረብ ምን እንደሚመስል በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ሰው መጠየቅም አልመሰለውም። መረብ መረብ ነው! ስለዚህ የሚያውቀውን፣ አባቱ ያስተማረውን፣ ምርጥ የቆሮሶ መረብ ሠራ። ክሩ ቀጭን፣ ዓሣ እንዳያየው ውኃ የመሰለ። ሲሰቅለውም አልወጠረውም፤ የተወጠረ መረብ ዓሣ አይዝማ! ላላ አድርጎ፣ እጥፍ እጥፍ አድርጎ ለቀቀው። ከላይ አግዳሚው ላይ ቡሽ ደረደረ፣ ከታች ማስመጫ እርሳስ አሰረ። ኩማ ይህን አይቶ "ቡሹ ለምንድን ነው?" ቢለው "መረብ ያለ ቡሽ ይሆናል እንዴ?" ብሎ ተቆጣ። ጎርፍ ቢመጣ ያ ጎል የማይሰምጥ መሆኑ የተረጋገጠ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ጋር ነበር። ዳኛው የጨርቅ ነጋዴው አቶ ሙክታር ናቸው፤ ለፊሽካ እንጂ ለሩጫ ያልተፈጠሩ፣ ቁና ቁና የሚተነፍሱ ደግ ሰው። በአሥረኛው ደቂቃ ጋጋሪዎቹ አገቡ። ኳሷ መረቡ ላይ ስታርፍ መረቡ ጥቅልል አድርጎ ዋጣት። ኩማ ሊያወጣት ቢጎትት ባሰባት። ሽበሺ ከጎሉ ጀርባ ካለው በርጩማው ተነስቶ፣ ተረጋግቶ፣ በስምንት ደቂቃ ፈትቶ ሰጠ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የጋጋሪዎቹ አጥቂ ኳስ ተከትሎ እስከ ጎሉ ውስጥ ዘለቀ። ታኬታው ተያዘ። እግሩን ሊያላቅቅ ሲል እጁ ተያዘ፣ ዞር ሲል ጆሮው ተያዘ። ተወራጨ። አንድ ትልቅ ዓሣ መረብ ሲገባ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ።

ያኔ ተመልካች መሃል የነበሩት አስጋሪዎች፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ እጃቸው ለምዶታልና፣ ሜዳ ገብተው ጋጋሪውን ከበው ተቀመጡ። "እግሩን ያዝ፣ በዚያ በኩል ላላ አድርግ" እየተባባሉ መፍታት ጀመሩ። ሙክታር ሰዓታቸውን አዩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲያልፍ "ኧረ ቁረጡት ወገኖቼ!" አሉ።

አርባ አስጋሪ ቀና ብሎ አያቸው። አንዱ ሽማግሌ በትሕትና "ምን አሉ ጌታዬ?" ሲላቸው፣ ሙክታር "ኧረ ምንም፣ ቀስ በሉ፣ ጊዜ አለን" አሉና ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ጋጋሪዎቹ ወደ ጎል መቅረብ እምቢ አሉ። ኳስ ይዘው እየበረሩ ይመጡና፣ ጎሉ አሥር ሜትር ሲቀር አውሬ ያየ ይመስል ቀጥ! ፕሮፌሽናሎቹ ግን መረብ ያውቃሉ፤ እግራቸውን ሰብስበው ገብተው ይወጣሉ። ሁለት ለአንድ አሸነፉ። አራት አራት ቆሮሶ በሲባጎ ሰክተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ከተማው ወጥቶ አያቸው። በሁለተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዎቹን፣ በሦስተኛው ግንበኞቹን አሸነፉ። ግንበኞቹስ ጭራሽ አንድ ተከላካያቸው ተይዞ የሁለተኛውን አጋማሽ ግማሽ በርጩማ አምጥተውለት ተቀምጦ አየ። ደበሌ "ይህ ዘዴ ነው፣ የተጠና ዘዴ!" ማለት ጀመረ። ሽበሺንም "አንተ ልጅ" ብሎ መጥራት ጀመረ፤ ቀድሞ "ያ ሰውዬ" ነበር የሚለው።

ካሰችስ? በየጨዋታው ትመጣለች። ከጎሉ ጀርባ፣ ከሽበሺ በርጩማ ሃያ እርምጃ ርቃ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ትቆማለች። ሙክታርን "አይታይዎትም እንዴ!" እያለች ስትጮህ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። ሽበሺ ጨዋታውን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው። መረቡ ሲንቀጠቀጥ ጎል መግባቱን ያውቃል። አንዳንዴ ፊቷን ወደ እሱ ያዞረች ሲመስለው በጣቱ ይቆጥራል። ከጨዋታ በኋላ ለኩማ "ዛሬ ሦስቴ አየችኝ" ይለዋል።

"ኳሱን ነው" ይለዋል ኩማ። "የማዕዘን ምት ነበር።"

እንዲያም ሆኖ ሽበሺ ተስፋ አልቆረጠም። በየሳምንቱ ምርጥ ቆሮሶ አጽድቶ በሳህን አድርጎ በኩማ እጅ ይልክላታል። ሳህኑ ባዶውን ታጥቦ ይመለሳል። ሽበሺ ሳህኑን ብርሃን ላይ ይዞ ያገላብጣል። "በደንብ ታጥቧል፤ የተናደደ ሰው እንዲህ አያጥብም" ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ቅባት ካየበት ደግሞ እህል አይቀምስም።

ስድስት ጨዋታ፣ ስድስት ድል። ወሬው ሻሸመኔ ደረሰ። የዚያ ከተማ የጣውላ ሠራተኞች ቡድን ግጠሙን አለ። ሰባተኛው ጨዋታ በታኅሣሥ አጋማሽ ሐይቁ ዳር፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሆነ። ሕዝብ ጎረፈ። ማቴዎስ የበላይ አካላትን ጋብዞ አራት ወንበር አስደርድሯል፤ ራሱ ከኋላ ቆሞ መፈክር እየመራ ላቡን ይጠርጋል። ለዕለቱ ጎሎቹ ከግንድ ተሠርተው ተተክለዋል፤ የግራውን ግንድ ምስጥ እንደበላው ግን ያየ የለም።

አንድ ለአንድ ሆነው ሰማንያ ደቂቃ ሞላ። የሻሸመኔዎቹ አጥቂ፣ እንደሚጎትተው ጣውላ ረጅምና ደረቅ የሆነ ሰው፣ መረብ የሚባል ነገር ሳይፈራ ኳስ ይዞ መጣ። መታ። ኩማ ተወረወረ። ኳስ፣ ኩማና አጥቂው ሦስቱም አንድ ላይ መረቡ ውስጥ ገቡ። ኩማ ኳሷን ደረቱ ሥር ይዟል፤ መስመሩን አልፋለች አላለፈችም? ሙክታር እያለከለኩ መጡና ለማየት አጎነበሱ። የፊሽካቸው ገመድ ተያዘ። ቀና ሊሉ ሲሉ ቆባቸው ተያዘ። "አልገባም! አልገባም!" እያለ ደበሌ ደረሰ፤ ያ ካፖርት ከነአዝራሮቹ ገባ። አዝራር ማለት ለመረብ ምን እንደሆነ አስቡት! አራት ሰው አንድ ላይ መወራጨት ጀመረ። ያኔ የግራው ግንድ "ቀጭ" አለ።

"አባዬ!" ብላ ካሰች ጃንጥላዋን ወርውራ ሮጠች። አባቷን ልትጎትት እጇን ስትሰድ እጇ ተያዘ። እግሯም ተከተለ። ወደቀች። ከላይ አግዳሚው ግንድ፣ ከነቡሹ፣ ዘመም ማለት ጀመረ።

አስጋሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ከበው ተቀመጡ። "ቀስ፣ ቀስ፣ በዚያ በኩል ላላ አድርግ..."

ሽበሺ ካሰች እግር አጠገብ ተንበርክኳል። ቋጠሮዋን አያት። ያውቃታል፤ ራሱ ነው የሠራት። ሁለት ደቂቃ ቢያገኝ ምንም ሳትበጠስ ይፈታታል። ግንዱ እንደገና "ቀጭ" አለ። ካሰች ቀና ብላ አየችው። ሽበሺ እጁን ሰደደና አጠገቡ ካለው ሽማግሌ ወገብ ላይ የዓሣ ቢላዋውን መዘዘ።

"ሽበሺ፣ እብድ ሆንክ እንዴ!" ያለውን ሰው አልሰማም። ቆረጠ። አንዴ አይደለም፤ ከቋሚ እስከ ቋሚ ተረተረው። የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ካሰችን ብብቷ ሥር ይዞ ጎትቶ አወጣ፣ ደበሌንና ሙክታርን ኩማና ረጅሙ አጥቂ እየገፉ አወጧቸው። ግንዱ ባዶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። አቧራው እስከ አራቱ ወንበሮች ደርሶ የበላይ አካላቱን ዱቄት ቤት የዋሉ አስመሰላቸው። ከሁለት የካፖርት አዝራር በቀር የጠፋ የለም፤ ኳሷ መስመር አልፋ ነበር ወይስ አላለፈችም የሚለው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አስጋሪዎቹ ሁሉ የሚያዩት ሽበሺን ነው። ቢላዋው በእጁ እንዳለ ነው። ካሰች የተቆረጠውን መረብ አየች፣ እሱን አየች። የአባቷን ክንድ ይዛ ሄደች። ሽበሺ ቢላዋውን ለሽማግሌው መለሰ። "አለቀ" አለ ለኩማ። "ይህም አላመጣትም። ሌላ ምን አለኝ?"

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ማኅበሩ ከነቤተሰቡ ለሂስና ግለሂስ ተጠራ። ደበሌም በአሰልጣኝነቱ፣ ካሰችም በቤተሰብነቷ መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው አጀንዳ አጭር ነበር። በዓሣ የሚከፈለው ቡድን ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል የሚል ደብዳቤ ከላይ መጥቷል፤ ማቴዎስ በሚያሳዝን ዜማ አነበበው። ቀይ ቆሮሶ ከተወለደ እስከ ሞተ አሥር ሳምንት። ደበሌ ካፖርቱን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ አስቀመጠው።

"ሁለተኛ አጀንዳ" አለ ማቴዎስ። "ጓድ ሽበሺ፣ የማኅበሩን ንብረት በቢላ ቆርጠሃል። ግለሂስህን አቅርብ።"

ሽበሺ ተነሳ። ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። "ቆርጫለሁ" አለ።

"ትጸጸታለህ?"

"እጸጸታለሁ። ግን በዚህኛው አይደለም። ክረምት ላይ ሚስቴ ቤቴ ውስጥ ወደቀች። ወጥ ፈሶባታል። እኔ መረብ ስፈታ ነበር። ያን ዕለት ነበር መቁረጥ የነበረብኝ። ክር ይገዛል፤ መረብ መልሶ ይሠራል። እሷ መሬት ላይ ሆና ታየኛለች፣ እኔ 'ምንም አልሆነም' እላለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ግለሂሴ እሱ ነው።"

ማቴዎስ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር መመሪያ የለውም። ግንባሩን ጠረገና በልማድ "በጓድ ሽበሺ ላይ ሂስ ያለው?" አለ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ካሰች ነበረች።

"እኔ አለኝ" ብላ ተነሳች። "አራት ወር ሙሉ አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ይህ ሰው ሽማግሌ ላከ፤ ሦስት ጊዜ! ዓሣ ላከ፤ ዓሣ እስኪያንገፈግፈኝ በላሁ። አገር የሚያየው መረብ ሠራ። ለእኔ ብሎ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ራሱ መጥቶ በር አላንኳኳም። በየሳምንቱ ሜዳ የምመጣው ለኳስ ብቻ ይመስላችኋል? ኳሱማ ከሌላው ጎል ጀርባም ይታያል! ሃያ እርምጃ ላይ ቆሜ፣ ዛሬ ይነሳል፣ ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ አንድ ነገር ይለኛል እያልኩ... ሂሴ ይኸው ነው።" ሳትቀመጥ እዚያው ቆመች።

አዳራሹ ዞሮ ሽበሺን አየ። እጆቹ የሚይዙት አጥተው ተንጠልጥለዋል። በወንበሮቹ መሃል፣ የሰው እግር እየረገጠ፣ ይቅርታ ሳይል፣ እፊቷ ድረስ ሄደ። ሃያ እርምጃ ገደማ ነበር።

"ካሰች" አለ። "ነይ። ቤትሽ ነይ። እባክሽ።"

"ይህችን ብቻ ነበር እኮ የምጠብቀው!" አለች ካሰች፣ ደረቱን በጡጫ እየመታች፣ እያለቀሰች። "ይህችን ብቻ!"